ሰፋሪው፣ ማሳውና የዱር እንስሳው
(በጅማ ከተማ፣ በጊንጆ ጉዱሩ፣ ለሰፈራና ለእርዳታ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ ምክንያት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥተው በከፋ፣ በኢሉባቦር፣ በወለጋና በሌሎችም ክፍላተ ሀገር የሰፈሩት ወገኖች ቁጥር ወደ 600,000 ይጠጋ ነበር። ለሰፋሪ ዘርና የእርሻ መሣሪያ ማደል የተለመደ ነው። ከተራቆተ ደጋ ለመጣ ገበሬ ግን ደን ዳር ማረስ እንግዳ ነገር ስለሆነ፣ የደከመበት እሸት በአንድ ሌሊት ሊጠፋ እንደሚችል አስቀድሞ የሚነግረው ያስፈልገዋል።

በጅማ ዙሪያ፣ በቡናው ደን አጠገብ የሚያርሱ ነባር ገበሬዎች የሰብላቸውን ጠላት በየሰዓቱ ያውቁታል። ዝንጀሮና ጦጣ በቀን፣ የዱር አሳማና ጃርት በሌሊት ይመጣሉ። ቀኑን ብዙ ጊዜ የሚጠብቁት ልጆች ሲሆኑ፣ ሌሊቱን አባወራው ማማ ላይ ያድራል። ስለዚህ ጉዳቱ በኩንታል ብቻ አይለካም፤ ከትምህርት ገበታ የቀረው ልጅና እንቅልፍ ያጣው ገበሬም በሒሳቡ ሊገቡ ይገባል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ መሬት ሲደለደል ማሳዎች ኩታ ገጠም ይሁኑ። በጫካ መካከል ለብቻው የተመነጠረ ማሳ በዙሪያው ሁሉ ለአውሬ የተጋለጠ ነው፤ ተያይዞ የታረሰ ግን የሚጠበቀው ዳርቻ ያንሳል፤ ጥበቃውም በተራ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ በቆሎ ከደኑ ይራቅ፤ በዳርቻው እንደ በርበሬ ያለ፣ እንስሳት እምብዛም የማይደፍሩት ሰብል ይተከል።

ሦስተኛ፣ ከብት በጠንካራ በረት ይደር። በድርቅ የሞተ ከብትና የእርድ ትርፍራፊ ጅብን ወደ መንደር ስለሚስብ በጥልቀት ይቀበር። ሕፃናት ደጅ አይደሩ።

አራተኛ፣ አውሬ ወይም ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

መርዝ መፍትሔ አይደለም። የተመረዘ ሥጋ ከጅቡ ጋር የመንደሩን ውሻና ጥንብ አንሣውን ይፈጃል። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደንም በሕግ የተከለከለ ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን፣ በሰፈራ ዕቅዳችን ውስጥ ከውሃ ጉድጓዱና ከእህል መጋዘኑ ጎን የማሳ ጥበቃም ስፍራውን ያግኝ።