የተመዘገበ ብልሽት፣ የተጠበቀ ዕውቀት
በትምህርት ክፍሎች ስለሚሰጥ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ድጋፍ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ አዲስ መሣሪያ አይደለም። ኮምፒውተራችን ሲበላሽ ስለምንጠራው ባለሙያ፣ ከመጥራታችንም በፊት ስላለብን ግዴታ ነው። የምነሣውም ከዚሁ ከመስቃን ምድር ነው።

በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም ጀመረ። በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በአንድ የከተማ ቀበሌ መረጃ ሰብሳቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ልደትን፣ ሞትን፣ ጋብቻንና ፍልሰትን መዘገቡ። በወረቀት የተሞላውም ቅጽ ወደ ኮምፒውተር ይገባ ነበር። የዚህ መዝገብ ዋጋ ያለው በቀጣይነቱ ነው፤ ዛሬ የተመዘገበ ሕፃን ከዓመታት በኋላም በመለያ ቁጥሩ ሊገኝ ይገባል። ኮምፒውተር ያረጃል፤ ፕሮግራምም ይለወጣል፤ መዝገቡ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይጎድል መሻገር አለበት። በምርምር ጽሑፍ ራስጌ የምናነበው የተመራማሪውን ስም ነው። መረጃውን ያስገባውና የጠበቀው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይታወስም።

ይህን የተማርኩት በገዛ ጥፋቴ ነው። ከዓመታት በፊት በማስተምርበት ተቋም፣ የትምህርት ክፍላችን የምርምር መረጃ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ተቀምጦ ነበር። ሃርድ ዲስኩ እንግዳ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ባለሙያውን በኮሪደር ሳገኘው «ብቅ በልና እይልን» አልኩት፤ «እሺ ዶክተር» አለኝ። በዚያው ዕለት ሌላ መምህር ያዘው፤ በማግስቱ ደግሞ ዲኑ አስጠራው። በሁለተኛው ሳምንት ኮምፒውተሩ ጨርሶ አልነሣ አለ። አንዲት ተመራቂ ተማሪ የስድስት ወር የመስክ ሥራዋን አጣች። እኔም ባለሙያውን ወቀስኩ። ኋላ ነገሩን ሳጤነው፣ ጥያቄዬ የሰፈረባት ብጣሽ ወረቀት እንኳ አልነበረችም። ባለሙያውም የማንን ጥያቄ ማስቀደም እንዳለበት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ አጥብቆ የጠራው ይቀድም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገሮችን አጥብቄ እይዛለሁ።

አንደኛ፣ ማንኛውም የድጋፍ ጥያቄ ይመዝገብ፤ ማን ጠየቀ፣ መቼ፣ ምን ተበላሸ፣ በምን ተፈታ። መዝገቡ ባለሙያውን ለመቆጣጠር ብቻ አይደለም። በየሳምንቱ የሚበላሸው ፕሪንተር ችግሩ ከኤሌክትሪክ መስመሩ መሆኑን የሚገልጥልን የተከማቸው መዝገብ ነው።

ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተሉ በማዕረግ ሳይሆን በጉዳዩ ክብደት ይወሰን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና የሚፈተኑት በኮምፒውተር ነው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ኔትዎርኩን ይዞ የሚያቆየው ዩፒኤስ ባትሪው ካለቀ፣ የሚጉላላው የተማሪ የዓመታት ልፋት ነው። በዚያ ሰዓት የፈተናው ክፍል ከእኔም፣ ከዲኑም ቢሮ ይቀድማል።

ሦስተኛ፣ መጠባበቂያ ቅጂ የባለሙያው ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዳችን ግዴታ ነው። የጉራጌ ቤተሰብ ያለውን ሁሉ ለዕለት ምጣድ አያውለውም፤ ቆጮውን በጉድጓድ ቀብሮ ለክፉ ቀን ያኖራል፤ ደጁ ያለው እንሰትም ገና ያልተነካ ስንቅ ነው። እኛ ግን የዓመታት ምርምራችንን በአንዲት ፍላሽ ይዘን እንዞራለን። ቢያንስ ሁለት ቅጂ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይኑረን፤ በየጊዜውም ከፍተን እንፈትሸው። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

በመጨረሻ ለዕድሜ እኩዮቼ አንድ ቃል አለኝ። አለማወቃችንን ላለማሳየት ስንል የይለፍ ቃላችንን ለወጣቱ ባለሙያ አስረክበን «አንተው ጨርሰው» እንላለን። ይህ እሱንም እኛንም ለአደጋ ያጋልጣል። አጠገቡ ቁጭ ብለን «እስቲ አሳየኝ» ማለት ማዕረጋችንን አይቀንስብንም።

ያቺ ተማሪ እንደገና ወደ መስክ ወጥታ ከአንድ ዓመት በኋላ ተመረቀች። በምስጋና ገጿ የእኔን ስም ጽፋ ነበር፤ እኔ ግን ያንን ገጽ ያለ ሐፍረት አንብቤው አላውቅም።