በመደርደሪያ ላይ ያለው የጉለሌ ቅርስ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የጉለሌ ቅርስ በተነሣ ቁጥር ዐይናችን አስቀድሞ ወደ እንጦጦ ያቀናል። ይህም ተገቢ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። ከተራራው ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳ፣ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ሞያቸውን ተክለዋል። የአካባቢው ስምም ቀድሞ በዚያ ይኖር የነበረውን የጉለሌ ኦሮሞ ጎሣ ያስታውሳል። እኔ ግን ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ጎብኚ የማያየውን፣ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት አቧራ ለብሶ የተቀመጠውን ቅርስ ነው፤ ይኸውም የነዋሪውን ዶሴ ነው።

እንደሚታወቀው፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. ታወጀ። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ የተመሠረቱት በዚሁ አዋጅ ነው። ወርኀዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ትርፍ ቤቶች በቀበሌ እንዲተዳደሩ ስለተደረገ፣ የዝቅተኛው ነዋሪ የቤት ታሪክ በቀበሌው መዝገብ ላይ ሰፈረ። ቀበሌውም ኪራይ ከመሰብሰብ አልፎ መታወቂያ ሰጠ፤ በፍርድ ሸንጎው የጎረቤት ክርክር ዳኘ፤ በሱቁ ስኳር በራሽን ዐደለ፤ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል አስቈጠረ። በአንጻሩም በቀይ ሽብር ዘመን የእስርና የፍርሃት ቦታ ሆኖ ነበር። ዶሴው ደጉንም ክፉውንም ይዟል፤ ልንጠብቀው የሚገባውም ስለዚሁ ነው።

ነገሩ ስለ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ያየሁትን ላውጋችሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከብዙ ዘመን በፊት የገቡበትን ቤት ጉዳይ ለማስፈጸም ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት መጡ። የቤቱ ማኅደር ተፈልጎ ታጣ። ጸሐፊው፣ «እማማ፣ ሌላ ማስረጃ አለዎት?» ቢላቸው፣ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የተጣጠፉ የኪራይ ደረሰኞች ዘረጉለት። መሥሪያ ቤቱ የጣለውን እርሳቸው በነጠላ ቋጥረው አኑረውታል። ጉዳያቸው በዚያ ተቃና። ደረሰኙ ባይኖርስ ኖሮ?

ማኅደር የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በክፋት አይደለም፤ በመዋቅር ለውጥ ነው። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በ10 ክፍለ ከተማና በቀበሌዎች ስትዋቀር፣ የብዙ ቀበሌዎች ሰነድ ተጓጉዞ በአንድ ጣራ ሥር ገባ። በኋላም ቀበሌው በወረዳ ተተካ፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም «የቀበሌ ቤት» ማለቱን አልተወም። በእያንዳንዱ ዝውውር ወቅት መዝገብ ያለ ርክክብ ይጫናል፤ ጣራው በሚያፈስ ክፍል ይከመራል፤ ቍጥሩን የሚያውቀው አንጋፋ ሠራተኛም ጡረታ ይወጣል። አሮጌ መንደሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሰፈር በሚሄዱበት በዚህ ዘመን ደግሞ፣ ቤቱ ሲፈርስ ስለ ቤቱ የሚመሰክረው ወረቀቱ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ ሦስት ነገር ላሳስብ። አንደኛ፣ መዝገብ ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወር ዝርዝሩ ተጽፎ፣ አስረካቢና ተረካቢ ይፈርሙበት። ሁለተኛ፣ ወደ ኮምፒዩተር የተገለበጠ ዶሴ ዋናው አይቃጠል፤ የሰው ፊርማና ጣት አሻራ ያለው በዋናው ላይ ነውና። ሦስተኛ፣ ለዕለት ሥራ የማያስፈልገው አሮጌ ሰነድ እንደ ቆሻሻ ከመጣሉ በፊት የብሔራዊ ቤተ መዛግብት ባለሞያ ይየው። የነዋሪው ምስጢር የሆነው ክፍልም በሕግ እንደተጠበቀ ይኑር።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። በጽሑፍ ያለውም ቢሆን የሚወረሰው ጠባቂ ሲኖረው ነው። የእንጦጦን ታሪክ ቤተ ክርስቲያኑና ቤተ መንግሥቱ ይናገሩለታል። የሽሮ ሜዳው ሸማኔ መቼ እንደመጣ፣ በየትኛው ቤት ስንት ልጅ እንዳሳደገ የሚናገርለት ግን በእኛ እጅ ያለው ማኅደር ነው። ነገ ጠዋት ወደየቢሮአችን ስንገባ ኮምፒዩተራችንን ከመክፈታችን በፊት መደርደሪያውን ቀና ብለን እንየው።