የምጦራቸው ውሾች

(በ1997 ዓ.ም. ከጎንደር በሕክምና የተመረቅን ጓደኛሞች 20ኛ ዓመታችንን ስናከብር የተደረገ ንግግር። ለመጽሔቱ ጥቂት ከመታረሙ በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)



ኮሚቴው ደውሎ «ከሙያሽ ውጪ ስለምትሠሪው ነገር ትንሽ ተናገሪ» ሲለኝ እሺ ለማለት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። እናንተ በዚህ ሃያ ዓመት ክሊኒክ ከፍታችኋል፣ ተማሪ አስተምራችኋል፣ አንዳንዶቻችሁም ለተወለዳችሁበት መንደር ውኃ አስገብታችኋል። እኔ ደግሞ ያረጁ ውሾች አሳድጋለሁ። «አሳድጋለሁ» ማለትም ልክ አይደለም፤ እኔ ጋ ሲመጡ አድገው ጨርሰዋል። እጦራለሁ ብል ይሻላል።

ሳቁ፣ ግድ የለም። እናቴም መጀመሪያ ስትሰማ ስቃለች። ከሳቁ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄም አውቀዋለሁ፤ «ሰው በሚቸገርበት አገር ተወልዳ፣ ያውም ሐኪም ሆና፣ ለውሻ?» የምትሉ አላችሁ። ወደሱ እመለስበታለሁ። በፊት ግን ስለ አንድ ደብዳቤ ልንገራችሁ።

ከምረቃ በኋላ ዕጣ የጣለኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ነበር። ስሟን አልጠራም። በደረስኩ በአምስተኛው ወር አንድ የስምንት ዓመት ልጅ አባቱ ተሸክሞት መጣ። ውኃ ሲቀርብለት ጉሮሮው ይታነቃል፣ ንፋስ ሲነካው ይደነግጣል። ሁላችንም በተማሪነታችን ቢያንስ አንድ እንዲህ ዓይነት ታማሚ አይተናል፤ ያየ ሰው ደግሞ አይረሳውም። ከሁለት ወር በፊት ቅልጥሙን ውሻ ነክሶት ነበር። ቁስሉ ትንሽ ስለነበረች ቤት ውስጥ በአመድ ጠራርገው ተዉት። እኔ ጋ ሲደርስ የማደርግለት ነገር አልነበረኝም። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

እኔም ተናድጄ ደብዳቤ ጻፍኩ። «በከተማው የሚዞሩ ውሾች ለኅብረተሰቡ ጤና አስጊ ስለሆኑ እንዲወገዱ» የሚል፣ ማህተም ያረፈበት፣ በፊርማዬ የወጣ ደብዳቤ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በአንድ ሌሊት በየመንገዱ ስትሪክኒን የተቀባ ሥጋ ተጣለ።

የጤና ጣቢያው ዘበኛ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሼ ነበር የምላቸው። ቡቼ የሚባል ውሻ ነበራቸው። ያረጀ፣ ጥርሱ የረገፈ፣ አንድ ዓይኑ ነጭ የለበሰ። ሌሊት ምጥ መጥቷል ተብዬ ስጠራ ጋሼ በፋኖስ፣ ቡቼ ደግሞ ከኋላ ከኋላ እያዘገመ ያደርሱኝ ነበር። ጅብ ሲሸተው ይቆማል፤ እኛም እንቆማለን። የዚያን ቀን ንጋት ላይ ጋሼ በሬን አንኳኩ። ስወጣ ቡቼ ጀርባው እንደ ደጋን ተቆልምሞ፣ እግሮቹ ተወጥረው፣ የጋሼ እግር ኮሽ ባለ ቁጥር ሰውነቱ በሙሉ እየተንቀጠቀጠ አገኘሁት። ቴታነስ ይመስላል። ፋርማኮሎጂ ያስተማሩን መምህር ይህን ሲሰሙ አይገርማቸውም፤ ስትሪክኒን የሚሠራው ከቴታነስ መርዝ ጋር በሚቀራረብ መንገድ ነው። አእምሮው እያወቀ ነው ጡንቻው የሚይዘው። እስኪሞት አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ጋሼ አልተቆጡም። «ዶክተር፣ ይሄኛው'ኮ አላበደም ነበር» ብቻ አሉኝ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ መሆኔን አያውቁም ነበር። እኔም አልነገርኳቸውም። በሰው ፊት ስናገረው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

በስድስት ወሩ የከተማው ውሻ ቁጥር እንደ ድሮው ሆነ። የልጁ ሞት በእርግጥ መልስ ይፈልግ ነበር፤ እኔ የሰጠሁት መልስ ግን ስህተት ነበር። ለምን ስህተት እንደሆነ ማወቅ ደግሞ ለሐኪም የግድ ነው። በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59 ሺህ ሰው በእብድ ውሻ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ በውሻ ንክሻ የሚመጣ ነው፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ውሻ መግደል ግን በሽታውን አያቆመውም። የተገደለው ውሻ የሚበላው ቆሻሻ እዚያው ስላለ ከጎረቤት ቀበሌ ሌላ ይመጣል፣ የተረፉትም ይወልዳሉ። የሚተኩት ቡችሎች ምንም መከላከያ የሌላቸው ናቸው። መርዙ ደግሞ አይመርጥም፤ የተከተበውንም ይገድላል። ስርጭቱን የሚያቆመው ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉን በየጊዜው መከተብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውም ይህንኑ ነው። ለዚህ ምሳሌ እዚሁ አገራችን አለ፤ በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎቻችን ከውሻ በተላለፈ በዚሁ በሽታ በተደጋጋሚ አልቀዋል፤ እነሱን ለማዳን ከሚሠሩት ሥራዎች አንዱ የአካባቢውን ውሾች መከተብ ነው።

እንግዲህ እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ፈርሜ፣ ከዓመታት በኋላ አሜሪካ ገባሁ። ስፔሻላይዜሽን፣ ትዳር፣ ልጅ፣ ሌሊት ሥራ፤ የምታውቁት ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት «ቡችላ ግዙልኝ» ብላ አለቀሰች። ለማየት ያህል ብለን ወደ እንስሳት መጠለያ ሄድን። ቡችሎቹ ያሉበት ክፍል በሰው ተጨናንቋል። በኮሪደሩ መጨረሻ ግን አንዲት አፍንጫዋ የሸበተ የላብራዶር ቅልቅል ተኝታለች። ዴዚ ትባላለች፤ 11 ዓመቷ ነው። ባለቤቷ አሮጊት ነበሩ፤ ወደ አረጋውያን መንከባከቢያ ሲገቡ ውሻዋን የሚወስድ ዘመድ ጠፋ። አብዛኞቹ ያረጁ ውሾች መጠለያ የሚገቡት እንዲህ ነው፤ ባለቤት ሲሞት፣ ሲታመም፣ ቤት ሲቀይር። ጥፋታቸው ዕድሜ ብቻ ነው። ዴዚ እኛን ስታይ አልጮኸችም። ቀስ ብላ ተነሥታ መጥታ ቆመች። አንድ ዓይኗ ነጭ መልበስ ጀምሯል። ከዚያ በኋላ እኔ ሌላ ውሻ ማየት አልቻልኩም፤ ልጄም ገብቷት መሰለኝ ስለ ቡችላ አላነሣችም።

እናቴ በዚያው ዓመት ልትጠይቀን መጣች። ውሻ ቤት ውስጥ! «እኔ ከውሻ ጋር አላድርም» ብላ የሻንጣዋን ዚፕ እንኳ ሳትከፍት ሁለት ቀን ቆየች። በሳምንቱ ከሥራ ስመለስ እናቴ ሶፋ ላይ፣ ዴዚ እግሯ ሥር ሆነው አገኘኋቸው። «ምን ላድርግ፣ እሷም እንደኔ ደረጃ ሲሆን ጉልበቷን ያማታል» አለችኝ። በኋላ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች በላብራዶር ዝርያ ዲኤንኤ ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ቀመር ስሰላው፣ የ11 ዓመት ውሻ 69 ዓመት ከሆነው ሰው ጋር ይመጣጠናል። እናቴ ያኔ 70 ዓመቷ ነበር። እኩያሞች ነበሩ ማለት ነው።

ስለ መጠለያዎቹ ደግሞ ትንሽ ልበል። አሜሪካ ውስጥ «ኖ ኪል» የሚባለው እንቅስቃሴ ጤናማ ወይም ሊታከም የሚችል እንስሳ ቦታ ጠበበ፣ አረጀ ተብሎ አይገደል የሚል ነው። የማይድን ሥቃይ ያለበትን ማሳረፍ ግን አይከለክልም። ስለዚህ መለኪያቸው መቶ ከመቶ አይደለም፤ ከገቡት ቢያንስ 90 በመቶው በሕይወት ከወጡ ነው መጠለያው በዚህ ስም የሚጠራው። ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1994 ቀድማ ወደዚህ መንገድ ገባች። በአገሪቱ መጠለያዎች የሚገደሉ ውሾችና ድመቶች በ2011 በዓመት ወደ 2.6 ሚሊዮን እንደነበሩ ይገመታል፤ በ2019 ግምቱ ወደ 920 ሺህ ወርዷል። ለያረጁ ውሾች ብቻ የተቋቋሙም አሉ፤ በሳን ፍራንሲስኮ ከ2007 ጀምሮ የሚሠራው መትቪል አንዱ ነው።

እውነቱን ለመናገር ችግርም አለበት። መጠለያ ሲሞላ አዲስ የሚመጣውን «ቦታ የለም» ብሎ መመለስ፣ ወይም አንድን ውሻ ለዓመታት በሽቦ ውስጥ ማቆየት ደግነት አይደለም። ኖ ኪል የሚሠራው ከበሩ ውጪ ያለው ሰው ሲያግዝ ነው፤ የሚያሳድግ፣ በጊዜያዊነት ቤቱ የሚያቆይ፣ የራሱን ውሻ የሚያመክን፣ በሳምንት አንድ ቀን ሄዶ የሚያንሸራሽር ሰው ሲገኝ።

ልትሞክሩ ለምታስቡ፣ ከልምድ ጥቂት ልንገራችሁ። ያረጀ ውሻ ሶፋ አይበላም፣ የት መሽናት እንዳለበት ያውቃል፣ ጠባዩም ቁጭ ያለ ስለሆነ ምን እንደምትወስዱ አይታችሁ ነው የምትወስዱት። ሌሊት ሠርቶ ለሚገባ ሐኪም ከዚህ የተሻለ ጓደኛ የለም፤ አብሯችሁ ይተኛል። በሌላ በኩል ወጪ አለው። ጥርስ ይታያል፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ይኖራል፣ ልብና ኩላሊት መመርመር አለበት። ሌሊት የሚደናገር፣ ግድግዳ ላይ ፈጥጦ የሚቀር አለ፤ እኛ የመርሳት በሽታ የምንለው ዓይነት እነሱንም ያገኛቸዋል። ከመውሰዳችሁ በፊት የሕክምና ወረቀቱን ጠይቁ፤ በወር ምን ያህል እንደምትችሉም አስቡ።

ሐኪም ስለሆናችሁ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ከራሳችሁ መድኃኒት ሳጥን እንዳታክሙ። አይቡፕሮፌንም ፓራሲታሞልም ውሻን ሊገድሉ ይችላሉ። ዶሮ ወጥ የነካው እንጀራም አይሰጥ፤ ሽንኩርት ቀይ የደም ሴላቸውን ያፈርሳል። ይህን ለእናቴ ለማስረዳት ከዩኒቨርሲቲ ፈተና የበለጠ ደክሜያለሁ።

ዴዚ ከእኛ ጋር ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ኖረች። በመጨረሻ ስፕሊኗ ላይ ዕጢ ወጣባት፤ ተሠራጭቶም ነበር። የእንስሳት ሐኪሟ ቤት መጣች። ዴዚ በራሷ ምንጣፍ ላይ፣ ራሷን የልጄ ጭን ላይ አድርጋ፣ መጀመሪያ የሚያስተኛ መርፌ ተሰጣት። እኔ ደረቷ ላይ እጄን አድርጌ ነበር። አንድም ጡንቻ አልተወጠረም። ያን ጊዜ ነው ስለ ቡቼ ያለቀስኩት፤ ከአሥራ ምናምን ዓመት በኋላ። ሁለቱም ያረጁ ነበሩ፣ ሁለቱም አንድ ዓይናቸው ነጭ ለብሷል፣ ሁለቱም የሞቱት በሰው ውሳኔ ነው። አንዱን ውሳኔ ግን ያደረግነው ለእሷ ብለን ነው። ሌላውን ያደረግኩት ቡቼን አንድ ጊዜም ሳላስበው ነው።

ከዴዚ በኋላ ሁለት ጦረን ቀብረናል፤ አሁን አራተኛው ቤት አለ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ልመለስ። ሰው እያለ ለምን ውሻ? መልሴ አጭር ነው። ያ ልጅ የሞተው ለውሾች ብዙ ስለታሰበ አይደለም፤ ማንም ስላላሰበላቸው ነው። ቢከተቡ ኖሮ አይሞትም ነበር፤ ቡቼም አይሞትም ነበር። ሁለቱን ያዳነ የነበረው አንድ ዓይነት ክትባት ነው። በእኛ አገር የውሻና የልጅ ጤና የተለያየ በጀት አይመስለኝም።

ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገር እጠይቃችኋለሁ። ውጭ አገር ያላችሁ ውሻ ካማራችሁ ከመግዛታችሁ በፊት መጠለያ ሂዱ፤ ከሄዳችሁም እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ እለፉ። አገር ቤት ያላችሁ ለተነከሰ ሰው ሁሉ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ማጠብን አስተምሩ፣ ክትባቱንም ሳይውል ሳያድር አስጀምሩ፤ «ውሾቹ ይወገዱ» የሚል ወረቀት ጠረጴዛችሁ ላይ ሲመጣም ከመፈረማችሁ በፊት የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ጠርታችሁ «ስንቱን መከተብ እንችላለን?» በሉት። ሦስተኛው ለሁላችንም ነው። በየዓመቱ ከምናዋጣው የክፍላችን ገንዘብ ጥቂቱ ለአንድ ወረዳ የውሻ ክትባት ይዋል። ኮሚቴው ከተስማማ የመጀመሪያውን ዓመት ድርሻ እኔ እይዛለሁ። ወረዳውንም መርጫለሁ። ጋሼ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ልጆቻቸው ግን እዚያው ናቸው፤ ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው ሄጄ ልነግራቸው አስቤያለሁ።