ለሐኪሙ ያልነገርኩት ኪኒን

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያቀረበችው ንግግር)



ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እዚህ አሜሪካ በነርሲንግ ሆም የምሠራው ሌሊት ነው። ጠዋት ቤቴ ስገባ ፀሐይ ወጥታለች፣ ልጆች ይነሣሉ፣ ስልክ ይጮኻል። እንቅልፍ ከየት ይምጣ? አንዲት ባልደረባዬ «ሜላቶኒን ውሰጂ፣ እንደ ቫይታሚን ነው» አለችኝ። ከሱቅ ገዝቼ ሁለት ዓመት ወሰድኩ። ሐኪሜ ለደም ግፊቴ ኒፌዲፒን ያዘልኛል። «ሌላ የምትወስጂው አለ?» ባለኝ ቁጥር «የለም» እለው ነበር። መድኃኒት አልመሰለኝማ!

ሜላቶኒን ግን ሆርሞን ነው። አንጎላችን ውስጥ ያለች ትንሽ ዕጢ ሲጨልም ታመነጨዋለች፤ ብርሃን ሲበዛ ትቀንሰዋለች። እንግሊዝ አገር በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። እዚህ ግን እንደ ምግብ ማሟያ ስለሚሸጥ፣ ከመሸጡ በፊት መንግሥት እንደ መድኃኒት አይመረምረውም። በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ከተመረመሩት 25 የሜላቶኒን ከረሜላዎች በ22ቱ ውስጥ የተገኘው መጠን ዕቃው ላይ ከተጻፈው ጋር አልተስማማም።

ለልብስ? በ2004 የወጣ አንድ ትንሽ ጥናት፣ ግፊት ያለባቸው 16 ወንዶች ለሦስት ሳምንት ማታ ማታ ሲወስዱት የሌሊት ግፊታቸው ጥቂት እንደ ወረደ አሳየ። በ2000 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ኒፌዲፒን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ግፊቱን ከፍ አድርጎታል። በኅዳር 2025 በአሜሪካ የልብ ማኅበር ጉባኤ ላይ ከ130,000 በላይ እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎች መረጃ ቀርቦ ነበር። ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 4.6 በመቶው፣ ካልወሰዱት ደግሞ 2.7 በመቶው በአምስት ዓመት ውስጥ የልብ ድካም ይዟቸዋል። ይህ ሜላቶኒን ልብ ያደክማል ብሎ አያረጋግጥም፤ እንቅልፍ ማጣት ራሱ ልብን ይጎዳልና። ዝም ብሎ ለዓመታት የሚወሰድ ነገር አለመሆኑን ግን ያስገነዝባል።

የእኔ ግፊት አልወርድ ሲል፣ ሐኪሜ መድኃኒቱን ሊጨምርብኝ ተነሣ። በዚያን ቀን ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየሁት። አልተቆጣኝም። ኪኒኑን አስቆመኝና ስለ ማንኮራፋቴ ጠየቀኝ፤ ለእንቅልፍ ምርመራም ላከኝ። ለካ ተኝቼ ሳለ ትንፋሼ ይቆራረጥ ኖሯል! ይህም ግፊት ያስነሣል። ጥፋቱ የኪኒኑ ይሁን የትንፋሼ፣ ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም። ሁለቱንም ለሁለት ዓመት ሸፍኜ የያዝኩት ግን እኔው ነኝ። ዛሬ በማሽን ታግዤ እተኛለሁ፤ መስኮቴን በወፍራም መጋረጃ አጨልማለሁ፤ ግፊቴም ወርዷል።

እኅቶቼ፣ የምትወስዱትን ሁሉ፣ የአገር ቤቱን ቅጠላ ቅጠልም ጭምር፣ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ሐኪም ያዘዘላችሁን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። እግራችሁ ካበጠ፣ ስትተኙም ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ «ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት። ደጋፊዎቻችንን የምለምነው ለማኅበሩ አንድ የግፊት መለኪያ እንድትገዙልን ነው፤ በየስብሰባው እንለካካበታለን።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ መድኃኒቱን ደብቄ በሽታዬን ላጣው ነበር።