ነጻ የተባለው ጌም
ሒሳብ ያዥ ነኝና ጌምንም የምመዝነው በብር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከዳባት የተላከልንን የቁጠባ ገንዘብ በቴሌብር ላረጋግጥ ስል የሳምንት ጥቅሌ አልቋል። ልጄ በነጻ ያወረደው ጌም በየመሀሉ የቪዲዮ ማስታወቂያ እያሳየ ጨርሶታል። ደግነቱ *127# ዳታ አይፈልግም፤ ገንዘቡ መግባቱን በዚያ አየሁ።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ጌም ዳታ አጥፍቼ እሞክረዋለሁ፤ እምቢ ካለ አጠፋዋለሁ። ልጄ አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የሠራውን ኩኩሉን ይወዳል፤ ዶሮዋ ከገበሬው እየሮጠች ታመልጣለች። እኔ ግን፣ አትሳቁብኝና፣ ገበጣ ይሻለኛል፤ ጠጠርና ጉድጓድ ካለ ጥቅል አይጠይቅም።

የቴሌብር የሚስጥር ቁጥራችሁን ልጆች እንዳያውቁት። የእኔ ያውቀው ነበር። የልደት ቀኑ ነበራ! ትናንት ቀየርኩት።