ብርሃን ለራሱ መንገድ ሲሠራ



የተበጠሰ ገመድ ቢቋጠር ይቀጥላል፤ ብርሃን የሚሄድበት የመስተዋት ክር ግን በመቋጠር አይቀጠልም።

ቻርልስ ካኦ የተባለው ሊቅ፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም.፣ እጅግ የጠራ መስተዋት ቃልን በብርሃን ወደ ሩቅ አገር ሊያደርስ እንደሚችል አስረዳ፤ ስለዚሁም በ2009 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

ብርሃኑ የሚያልፍበት የክሩ ልብ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ከ1000 ቢከፈል 9 እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ክሮች ሲገጥሙ ጥቂት እንኳ ቢዛነፉ ብርሃኑ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ የተላከውም ቃል ይጠፋል። ባለሞያዎች ጫፎቹን በኤሌክትሪክ እሳት አቅልጠው ያጋጥሟቸዋል፤ ይህም ጥንቁቅ መሣሪያ ይፈልጋል።

ሌላም ብልሃት ተገኝቷል። በጫፎቹ መካከል ብርሃን ሲነካው የሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ ይደረጋል፤ በክሮቹም ውስጥ ይህን የሚያጠነክር ብርሃን ይላካል። የጠነከረው ሙጫ ብርሃኑ እንዳይበተን ሰብስቦ ወደ ፊት ይመራዋል። እንዲህ እየሆነ ከሁለቱም ወገን ቀጭን ዘንግ ያድጋል፤ ብርሃን ከብርሃን በሚገናኝበት ስፍራ ሙጫው ፈጥኖ ስለሚጠነክር፣ ክሮቹ ጥቂት ቢዛነፉም ዘንጎቹ አንድ ይሆናሉ። ቃል የሚሸከመው ብርሃን ግን ዓይን የማያየው ሌላ ዓይነት ስለሆነ ሙጫውን አይለውጠውም።

ይሁን እንጂ ለብልሃቱ ልክ አለው። መዛነፉ ከበዛ ዘንጎቹ ሳይገናኙ ይተላለፋሉ፤ ሙጫም እንደ መስተዋት ሙቀትን አይችልም።

ተማሪዎች ይህ እንዴት ይሆናል ብለው ቢጠይቁ የጎርፍ ውሃ ምሳሌ ይሁናቸው፤ ውሃ እየሄደ ቦዩን ይቈፍራል፤ የተቈፈረውም ቦይ ውሃውን ይመራዋል።