ታሪኩ የማን ነው?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ወር «ድፍረት» የተሰኘውን ፊልም በዚሁ አዳራሽ አብረን ካየን ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። ዕቁብ ስንጥልም ይነሣል፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ስንጠብቅም ይነሣል። ግማሾቻችን ዳይሬክተሩን ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪን «ዕድሜ ይስጠው፣ በደላችንን ለዓለም አሳየልን» እንላለን። ሌሎቻችን «በሰው ቁስል ስም ያወጣ» ብለን እናማርረዋለን። አንዷ እናታችንማ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ብለው ነገሩን ሊዘጉት ነበር፤ አልተዘጋም። እኔ የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። ግን ዛሬ ከሰዓት በኋላ የምንወያይበትን አጀንዳ አይታችኋል፤ የአባላትን የሕይወት ታሪክ በቪዲዮ ቀርጸን ለደጋፊዎች እናሳይ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ስለዚህ በዚህ ሰው ላይ የምንሰጠው ፍርድ ከሰዓት በኋላ በራሳችን ላይ ይሠራል።

ፊልሙን ላላያችሁ ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ አካባቢ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ተጠለፈች። ጠላፊዋ ሚስቱ ሊያደርጋት ነበር። ልጅቷ ጠመንጃ ይዛ አመለጠች፤ ሲያሳድዷት ተኩሳ ጠላፊዋን ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ያን ጊዜ ገና አዲስ የነበረው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ያዘላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። የባለታሪኳን እውነተኛ ስም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ እዚህ አልጠራውም፤ ለምን እንደሆነ ወደኋላ ትረዱኛላችሁ።

በዚያን ጊዜ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግን ይህን ቀዳዳ ዘጋው። አንቀጽ 587 ሴትን የጠለፈ ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል፤ ኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከተጠያቂነት አያድነውም። ይህ እንዲሆን ብዙ ሴቶች ደክመዋል፤ የዚያች ልጅ ጉዳይም ድምፃቸውን ከፍ ካደረጉት አንዱ ነበር።

ዘረሰናይ ይህን ታሪክ በአማርኛ፣ በአገር ውስጥ፣ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ቀረጸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 በአሜሪካ የሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፣ ቀጥሎ በበርሊንም እንዲሁ። አንጀሊና ጆሊ በዋና ፕሮዲውሰርነት ስሟን አኖረችበት። ርእሱን ልብ በሉልኝ፤ «ድፍረት» በእኛ ቋንቋ ጀግንነትም ነው፣ ሴትን መድፈርም ነው። አንድ ቃል ሁለቱን መሸከሙ ራሱ ስለ አገራችን የሚናገረው ነገር አለ፤ ያን ለማየት ዓይን ያስፈልጋል። የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ያለበትን ክፍልም አስታውሱ። እዚያ የተቀመጡት ሰዎች አውሬዎች ሆነው አልቀረቡም፤ የእኛው አባቶችና አጎቶች ናቸው፣ በእርጋታ ነው የሚናገሩት። እኔን ከምንም በላይ ያስፈራኝ እርጋታቸው ነው። «እንዲህ ያለ ፊልም የሠራ ሰው አንድም መልካም ነገር አላደረገም» የምትሉ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አልስማማም።

አሁን ወደ ወቀሳው ልምጣ። ፊልሙ በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ፣ ሊታይ ትንሽ ሲቀረው፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ያሳገደችው ባለታሪኳ ነበረች፤ ስለ ሕይወቴ ሲሠራ እኔ አልተጠየቅሁም፣ ፈቃዴን አልሰጠሁም ብላ። እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ የክርክሩን ሰነድም ይዤ አልቆምኩም። ማንኛችንም ልናየው የምንችለውን፣ ማለትም ፊልሙን ራሱን፣ ይዤ ግን ልናገር። በፊልሙ ውስጥ ጠበቃዋ በእውነተኛ ስማቸው አሉ፦ መዓዛ አሸናፊ። ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት እሳቸው ናቸው፤ ስማቸው ሲነሣ ክብር ነው፣ ይገባቸዋልም። ልጅቷ ግን ሂሩት ተብላለች።

ስሟ የተቀየረው ሊጠብቋት ነው የሚል አለ። ይሆናል። ግን ያ ጉዳይ እኮ አገር ያወቀው ነበር፤ የእንግሊዝ ቴሌቪዥንም በዘመኑ ዘጋቢ ፊልም ሠርቶበታል። የስም ለውጡ በርሊን ላለው ተመልካች ይሸፍናታል እንጂ የሠፈሯን ሰው አያሳስትም። ጎረቤቷ፣ የልጇ አስተማሪ፣ የሟች ዘመዶች ሁሉ ሂሩት ማን እንደሆነች ያውቃሉ። ስለዚህ ጣጣው ሙሉ በሙሉ የእሷ ሆኖ ቀረ፣ ምስጋናው ግን በሌላ ስም ሄደ። እኔን የቆረቆረኝ ይህ ነው። ልጅቷ ያን ጊዜ 14 ዓመቷ ነበር፤ ፊልሙ ሲወጣ ከሠላሳ ዓመት ያለፈች ሴት ነበረች። በልጅነቷ ለጋዜጠኛ መናገሯ ዕድሜ ልኳን ለመጣው ሁሉ ፈቃድ አይሆንም። ሳይጠይቋት የወሰዷትን ሴት ታሪክ የሚሠራ ሰው፣ መጠየቅን ከሁሉ በፊት ማስቀደም ነበረበት። በዚህ ነጥብ ላይ ጠንካራ ወቀሳ ይገባዋል፣ ሳናለሳልስ መናገር አለብን ባይ ነኝ።

አንዳንዶቻችሁ ግን ከዚህ አልፋችሁ «ይህም ጠለፋ ነው» ብላችኋል። እዚህ ላይ አልከተላችሁም። ጠለፋ ምን እንደሆነ ከመካከላችን በአካሏ የምታውቅ አለች፤ ቃሉን እንዲህ ስናቀልለው እሷን እናቀልላታለን። ስለ ዳይሬክተሩ ውጭ አገር መማር፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ኪሱ የተባለውም ትችት አይባልም፣ ሐሜት ነው።

ክብደቱን ለመመዘን ሌላ ዳይሬክተር ላንሣ። ጣሊያናዊው ቤርናርዶ ቤርቶሉቺ እ.ኤ.አ. በ1972 «በፓሪስ የመጨረሻው ታንጎ» የሚባል ፊልም አወጣ። ማሪያ ሽናይደር ሲቀረጽ 19 ዓመቷ ነበር። በአንድ የመድፈር ትዕይንት ላይ የሚደረገውን ነገር አስቀድሞ ሙሉውን አልነገሯትም። እሷ እ.ኤ.አ. በ2007 መዋረዷን በጋዜጣ ተናግራለች፤ ብዙ ሰው አልሰማትም። በ2011 አረፈች። ዳይሬክተሩ ራሱ በ2013 «እንደ ተዋናይት ሳይሆን እንደ ልጃገረድ እንድትደነግጥ ፈልጌ ነው» የሚል ይዘት ያለው ቃል ሰጠ፤ የዓለም ቁጣ የመጣው ይህ ቃል በ2016 እንደገና ሲሰራጭ ነው። ለእሱ የትኛውም የከረረ ቃል አይበዛበትም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ተመልካች የጮኸው ሰውየው ሲናገር እንጂ እሷ ስትናገር አይደለም። የእሷን ቃል ይዞ ለመቆጣት ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶበታል።

ይህን የማነሣው በእኛም ውይይት አንድ ነገር ስለሰማሁ ነው። «ልጅቷ እኮ ገንዘብ ፈልጋ ነው የከሰሰችው» ተባለ። እሺ፣ ፈልጋ ነው እንበል። ምን ነውር አለው? ካሜራ ያነሣው ተከፍሎታል፣ መብራት የያዘው ተከፍሎታል፣ ሹፌሩም ተከፍሎታል። በሕይወቷ የከፈለችው ብቻ ድርሻዬ ስትል ስግብግብ ትባላለች? እንጀራ ጋግረን፣ ቅመም አዘጋጅተን፣ ጥጥ ፈትለን በምንሸጥ ሴቶች መካከል ይህ ቃል መነገሩ ገርሞኛል። የሴትን ሥራ በነፃ መውሰድ የለመደው ገበያ ታሪኳንም በነፃ ቢወስድ አይደንቅም፤ እኛ ግን ልናግዘው አይገባም።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ አሁን ወደ እናንተም ልዙር። ገንዘባችሁ የት እንደደረሰ ማየት መብታችሁ ነው፤ የሒሳብ መዝገቡ ክፍት ነው፣ የወፍጮው ድምፅ እስከዚህ ይሰማል። ግን አንዲት አባል ከባሏ ዱላ ሸሽታ እንደመጣች፣ ባሏም እዚሁ ቀበሌ እንደሚኖር አስቡ። ሦስት ደቂቃ የምትሞላ ቪዲዮ በስልክ ከእናንተ ከተማ ወደ እሱ ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅባትም። የእናንተ ዓይን የሚያነባው በአዘኔታ ነው፤ እሱ የሚያየው አድራሻ ነው።

ስለዚህ ቪዲዮው አይቀረጽ አልልም። «ድፍረት» ባይሠራ እኛም ይህን ሁሉ ባልተወያየንም ነበር። እንዲህ ይሁን ብዬ ግን ሐሳብ አቀርባለሁ። ባለታሪኳ ሁለት ጊዜ ትጠየቅ፤ መጀመሪያ ከመቀረጹ በፊት፣ ቀጥሎ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ ራሷ አይታው፣ ማንበብ ካልቻለች ጽሑፉ ተነቦላት። የምትጠይቃት ሰው የብድር ኮሚቴ አባል አትሁን፤ ብድር የምትጠብቅ ሴት ለአበዳሪዋ እምቢ ማለት አይሆንላትም። በእውነተኛ ስሟ መቅረብ የምትፈልግ በስሟ ትቅረብ፣ ፊቷም ይታይ፤ መሸፈን የምትፈልግ ትሸፈን፤ ይህን እኛ አንወስንላት። የዋለችበት ቀን ይከፈላት። ከዓመት በኋላ «አንሡልኝ» ካለች ምክንያት ሳትጠየቅ ይነሣላት። የመጨረሻው ነጥብ ደጋፊዎቻችንን ሊያስቸግር እንደሚችል አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ የተላከ ነገር መመለስ ከባድ ነው። ለዚህ መላ ያላችሁ ከሰዓት በኋላ ሐሳባችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ እጠይቃለሁ። ዳይሬክተሩን አሁንም መርገም የምትፈልጉም አላችሁ፤ ቡናው እስኪፈላ እዚሁ ነኝ፣ እንከራከር።